የተከደነው ጉድጓድ

ክዳኑን የከፈተው ዘበኛው ነው። የቀን ፈረቃው ተበትኖ የደህንነት ባለሙያው ብቻ ሳይወጣ ስለቀረ በየጥጉ ሲፈልጉት፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ አጠገብ ነጭ ሄልሜቱን መሬት ላይ ተገልብጦ አገኘው። መጎተቻውን ቆልማማ ብረት በክዳኑ ቀለበት አስገብቶ ጎተተ። ክዳኑ ሲሚንቶውን እየፋቀ ተንሸራተተ። ዘበኛው የእጅ ባትሪውን ወደ ታች አብርቶ አንዴ አየና አፉን በእጁ ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ።

አልወረደም። ሰው ወድቆ ካየህ አትውረድ፣ ደወሉን ደውል ተብሎ ተምሯል። ያስተማረውም አሁን ታች የተጋደመው ሰውዬ ነው። ደወሉን ክንዱ እስኪዝል ደወለ።

መርማሪዋ ስትደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአየር ሲሊንደር ተሸክመው፣ ጭምብል አጥልቀው ሬሳውን በገመድ እየጎተቱ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ግቢው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አብሯት የመጣው ሳጅን፣ ወፍራምና ወሬ የሚወድ ሰው፣ መሀረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ቆመ።

«ይሄ ሽታ ነው የገደለው?» አለ።

«እየሸተተህ ከሆነ ገና ደህና ነህ» አለው አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጭምብሉን እያወለቀ። «ድንገት ሲጠፋብህ ነው መፍራት ያለብህ። አስቀድሞ አፍንጫን ነው የሚገድለው።»

ሳጅኑ መሀረቡን አውርዶ በደንብ መሽተቱን አረጋገጠ።

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሟቹ የፋብሪካው የሥራ ደህንነትና ጤንነት ባለሙያ ነው። ሠራተኛውን ባየ ቁጥር «ቆብህን!» እያለ ስለሚጮህ ስሙን ትተው «ቆብህን» ነበር የሚሉት። ፊቱ ላይ ጭምብል የለም። ደረቱ ላይ የጋዝ መለኪያ የለም። ከራሱ ኋላ ደም አለ።

«ክዳኑን ስታገኘው ዝግ ነበር?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ድፍን ብሎ ነበር፣ ልጄ።»

«ከውስጥ ሆኖ መዝጋት ይቻላል?»

«እዚያ ውስጥ እንኳን ክዳን፣ ዓይንም በወጉ አይከደንም።»

ስለዚህ የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ሰው እታች ወድቆ ሳለ ወይም ከሞተ በኋላ፣ አንድ እጅ ቆልማማውን ብረት ይዞ ክዳኑን ጎትቷል። መርማሪዋ ተነስታ ዙሪያውን አየች። ከጉድጓዱ ጥቂት ራቅ ብሎ የግቢው አጥር ነው፤ ከጥሬ ቆዳ ክምሩ ኋላ ቆርቆሮው ተገንጥሎ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ሠርቷል። በጉድጓዱ አፍ ላይ በቆመ ዘንግ ላይ ደግሞ ባዶ መንጠቆ ተበይዷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሜዳሊያ መስቀያ» አለ ዘበኛው። «እኛ ሜዳሊያ እንለዋለን። የመዳብ መለያ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ የተቀረጸበት አለው። ሌላ ጊዜ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይሰቀላል። ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ግን ከሰሌዳው አንስቶ እዚህ ይሰቅልና ይወርዳል፤ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል። መንጠቆው ላይ አንድ መለያ ካለ እታች አንድ ሰው አለ ማለት ነው። እሳቸው ናቸው ያመጡት። መጀመሪያ ላይ ‹ደግሞ ልንሸለም ነው› ተብሎ ስንት ተሳቀባቸው።»

«የሳቸው መለያ የታለ?»

«በር ላይ። ሳይሰቅሉ ወረዱ ማለት ነዋ» አለና ዘበኛው በራሱ ንግግር ደነገጠ። «እሳቸው?»

*

የጠዋቱን ነገር ግማሽ ፋብሪካ ሰምቶታል። የጉድጓድ ጽዳት ቀን ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹ መለያቸውን ሰቅለው ሊወርዱ ሲሉ ባለሙያው መለኪያውን በገመድ አወረደ፤ መለኪያው ጮኸ። የአሲዱ ፍሳሽ በራሱ ቱቦ መሄዱን ትቶ፣ የቆዳ ጸጉር ማራገፊያው ኖራና ሰልፋይድ ወዳለበት ጉድጓድ እየገባ ነው። ባለሙያው ሥራውን አስቆመ። ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ እንዲናፈስ፣ ማንም እንዳይጠጋው አዘዘ። ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ፣ ፓምፐኛው፣ ሥራ ለምን ይቆማል ብሎ ተጣላው።

«ምን እንዳለው ሁሉም ሰምቷል» አለ ሳጅኑ። «‹አንድ ቀን ራስህ ትገባበታለህ!› ነው ያለው። በዚያው ቀን ገባበት። ቆልማማው ብረት የሚቀመጠው የት ነው? ፓምፕ ቤት። ከምሳ በኋላ ፓምፐኛው የት ነበር? ፓምፕ ቤት፣ ብቻውን። ኢንስፔክተር፣ እኔ እንዲህ ያለ የተመቻቸ ነገር ሲገጥመኝ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ።»

«አንተ ሳይመቻችም ትተኛለህ።»

ፓምፐኛው ትከሻው የሰፋ፣ ጣቶቹ በኬሚካል የተላላጡ ሰው ነው። ጥያቄዎቹን መሬት መሬት እያየ መለሰ።

«ተጣልተሃል?»

«ተጣልቻለሁ።»

«ራስህ ትገባበታለህ ብለሃል?»

«ብያለሁ። በንዴት ነው።»

«ገፍትረኸዋል?»

«አልነካሁትም።»

«ክዳኑን ማን ዘጋው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አንድ ነገር የሚያውቅ፣ ያወቀውንም የጠላ ሰው ዓይን ነበር።

«እኔ አልዘጋሁትም» አለ። «ከዚህ በላይ ምንም አልልሽም።»

ካቴና አስገቡለት። በር ላይ ሲያልፍ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አየው፤ አንዷ ሴት ብቻ «ምነው አፍህ በተቆረጠ» አለችው፣ ለሱ አዝና ይሁን በሱ ተናዳ ሳይታወቅ።

*

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ የለፉ ቆዳዎች ናሙና ደርድሯል። መርማሪዋ ስትቀመጥ አንዱን እየደባበሰ ነበር፤ እጁን ሰበሰበ።

«ከባለሙያው ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አንስማማም። ሥራው እኔን ማስቆጣት ነበር፣ ሥራውንም በደንብ ነው የሚሠራው።»

«አሲዱን ወደዚያ ጉድጓድ ያስለቀቀው ማነው?»

«ቱቦው ፈነዳ። ለፓምፐኛው እስኪጠገን በዚያ ልቀቀው አልኩት። ጊዜያዊ ነው ብያለሁ።»

«ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚወጣ ያውቁ ነበር?»

«እሱ ነግሮኛል። ጠዋት እዚህ መጥቶ ዛሬውኑ ካልቆመ በሩን አዘጋዋለሁ አለኝ።»

«እና?»

«እንግዶች ነበሩኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከአፉ ሲወጣም መልስ እንዳልሆነ የገባው ይመስላል።

እንግዶቹ እውነት ነበሩ። ቆዳ ገዢዎች ናቸው፤ ምሳ አብረውት በልተው እስከ ፈረቃው መጨረሻ ከጎኑ አልተለዩም። ሳጅኑ አንድ በአንድ አነጋግሯቸው መጣ።

«ንጹህ ነው» አለ።

«ክዳኑን አልዘጋም» አለች መርማሪዋ። «ንጹህ ግን አይደለም። የቱቦው ጉዳይ ራሱን የቻለ መዝገብ ይከፈትበታል።»

*

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ቀጭን፣ ቀልድ የማይወድ ሰው ነው። የሟቹን ሁለት መዳፎች ገልብጦ አሳያት።

«ይሄ የመሰላሉ ዝገት ነው። በሁለቱም እጅ። ጓንት እንኳን ሳያደርግ መሰላሉን ጨብጦ ወርዷል። የተገፈተረ ሰው መሰላል አይጨብጥም።»

«የጭንቅላቱ ቁስልስ?»

«መሰላሉ ላይ እያለ ጋዙ ራሱን አሳተው፤ ሲወድቅ ወለሉ መታው። የገደለው ግን ቁስሉ አይደለም። ይቺን እይያት።» በሳህን ላይ ቀለበት አቀረበላት። «የብር የጋብቻ ቀለበት ናት። አሁን ከሰል መስላለች። ኪሱ ውስጥ ያለው የመዳብ ሳንቲምም እንደዚሁ። ይሄ ጋዝ ብርና መዳብ ካገኘ ያጠቁራል፤ ብዙ ጊዜም አይፈጅበትም።»

«ስንት ጊዜ በሕይወት ቆየ?»

«አላውቅም። አውቃለሁ የሚልሽም ይዋሻል።»

መርማሪዋ ወደ ቢሮ ስትመለስ አለቃዋ ስልክ ላይ ጠበቃት። የወረደው በራሱ እግር ነው ስትለው አልተበገረም። «ታዲያ ምን ይለወጣል? አታልሎ አስወረደው፣ ከላይ ከደነበት። ብረቱ የሱ፣ ዛቻው የሱ። ነገ ጠዋት ዐቃቤ ሕግ በግድያ ይከሰዋል። ሌላ ነገር ካለሽ እስከዚያ አምጪ።»

ስልኩን ዘግታ ሳጅኑን አየችው። «አንተ ባለሙያውን ብትሆን፣ ያንን ጉድጓድ ጠዋት ራስህ ለክተህ፣ ገዳይ ነው ብለህ አስዘግተህ፣ ከሰዓት ምን ሲሉህ ባዶ እጅህን ትወርዳለህ?»

«ምንም ቢሉኝ አልወርድም። በዚህ ሆዴ መሰላሉም አይችለኝም።»

«መለኪያው ቢሮው ተሰክቶ ነው የተገኘው። ጭምብሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቢሮው ደግሞ ከጉድጓዱ ሩቅ አይደለም። ሮጦ ማምጣት ይችል ነበር። ያንን ለማምጣት እንኳን አልታገሰም።»

ሳጅኑ ለአንድ አፍታ ቀልዱ ጠፋበት። «ሰው እታች አለ ብሎ ነዋ።»

«ማን አለ ብሎ?»

*

የሟቹ ቤት ለቀስተኛ ሞልቶታል። ሚስቱ መርማሪዋን ወደ ጓዳ ወሰደቻትና የልብስ ክምር ከወንበር ላይ አንስታ አስቀመጠቻት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«እህቴ፣ ያንን ያሰራችሁትን ሰው እንዳትለቁት» አለች። «ባሌ በገዛ ፈቃዱ አልወረደም። አይወርድም።»

«ለምን አይወርድም?»

«ቀድሞ በሠራበት ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ጓደኛው ሊያወጣው ወረደ፣ ቀረ። ሦስተኛው ሁለቱን ሊያወጣ ወረደ፣ ቀረ። ባሌ ከላይ ቆሞ አራተኛውን ወገቡን ይዞ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ የናትህ ልጅ ቢሆን እንኳን አትውረድ፣ ደውል። እቤት ሳይቀር እኛን ያስለፈልፈን ነበር።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «በምን ልቡ ይወርዳል? ልጆቹ እታች ካልሆኑ በቀር። ወይ…»

«ወይ?»

ሴትየዋ በሩን አየች። አንድ ወጣት ትሪ ይዞ ለለቀስተኛው ውኃ ያዞራል። ቀጭን ነው፤ ትከሻው ላይ የሰፋው ጃኬት የሱ አይመስልም።

«ወንድሙ ነው» አለች። «አባታቸው ሲሞት ገና ሕፃን ነበር። ያሳደገው ባሌ ነው፤ ፋብሪካው መጋዘን ያስገባውም እሱ ነው። ወንድሙ ደግሞ ደህና ነበር። ያን ቀን መጋዘን ነው የዋለው።»

መርማሪዋ ወጣቱን በረንዳ ላይ አስጠራችው። ትሪውን እንደያዘ መጣ።

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

«መጋዘን። ከየክፍሉ አንድ ሰው በተራ ለጽዳቱ ይላካል፤ የመጋዘን ተራ የኔ ነበር። ግን ጋሼ ሥራውን አስቆመው፣ አልሄድኩም።»

«ወደ ጉድጓዱ ጭራሽ አልተጠጋህም?»

«አልተጠጋሁም።»

«መለያህንስ ከበር አንስተኸው ነበር?»

«አልነካሁትም» አለ። ትሪውን ይዞ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰ።

ሲወጡ ሳጅኑ «ወንድሙ የሞተበትን ልጅ ለምን ታስጨንቂዋለሽ?» አላት።

«አንተ መጋዘን ሂድና የዋለበትን ጠይቅ። እኔ በር ላይ ነኝ።»

*

ሰሌዳው ከዘበኛው ክፍል ውጭ ተቸንክሯል። መለያዎቹ በየክፍላቸው ተሰቅለዋል። የጉድጓድ ጽዳት ሠራተኞቹ መለያዎች ሁሉም ጠቁረዋል። ከመጋዘን ሠራተኞች ደግሞ የጽዳት ተራ የደረሳቸው የጥቂቶቹ ደብዝዘዋል፤ የሌሎቹ ያብረቀርቃሉ።

«ሁልጊዜ ጉድጓድ ላይ የሚውለው እንደዚህ ይሆናል» አለ ዘበኛው። «የጋዙ ነው።»

መርማሪዋ ጣቷን በመጋዘኖቹ ረድፍ ላይ እያስኬደች ዝቅ አለች። በመጨረሻ ከተሰቀሉት አንዱ ላይ ቆመች። ጠርዙ አዲስ ነው፤ የተቀረጸው ስም ምንም አልተፋቀም። መዳቡ ግን በሁለት ገጹ ከሰል መስሏል።

«ይሄ የማን ነው?»

ዘበኛው ዓይኑን አጥብቦ አነበበ። «የቆብህን ወንድም። የጋሽዬ ወንድም ማለቴ ነው።»

«ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ለጉድጓድ ተልኳል?»

«ኧረ ገና አዲስ ነው፣ ልጄ። የዚያ ቀኑ የመጀመሪያ ተራው ነበር።» ዘበኛው መለያውን ሊያወርድ እጁን ዘረጋና መሐል ላይ ተወው። «ታዲያ ይሄ እንዴት…?»

ሳጅኑ እያለከለከ ደረሰ። «መጋዘን የነበሩት ከምሳ በኋላ ነው ያየነው ይላሉ። ከዚያ በፊት ጉድጓድ ጽዳት ላይ ነው ብለው ነበር። የጉድጓድ ጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ፣ እኛ ጋ አልመጣም፣ መጋዘን ነው ብለው ነበር። ጠዋቱን ሁለቱም ጋ ነበር፣ አንዱም ጋ አልነበረም።»

መርማሪዋ መለያውን በመሀረብ ጠቅልላ አወረደችው።

*

ፓምፐኛው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ጥቁር መለያ ሲያይ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ነገ በግድያ ልትከሰስ ነው» አለችው መርማሪዋ። «ይሄንን ታውቀዋለህ።»

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አለ ከእጁ ሥር።

«ለምን?»

«ጥላ ሰቀልኩለት።» እጁን አወረደ። «እኛ እንደዚያ ነው የምንለው። አለቆቹ ሽታውን ስለሚሸሹ ወደ ጉድጓዱ አይቀርቡም፤ ከሩቅ መለያ ቆጥረው ነው የሚሄዱት። መለያህ ከተሰቀለ ሥራ ላይ ነህ። ስለዚህ አንዱ ጉዳይ ሲኖረው ሌላው ይሰቅልለታል። ሁላችንም አድርገነዋል። እኔ ልጄ ሲታመም ተሰቅሎልኛል። ሰው እንዳይሞት ብሎ ያመጣውን ነገር ከሥራ መቅሪያ አደረግነው።»

«ልጁ የት ሄደ?»

«የሹፌርነት ፈተና። ከዚያ ሽታ መውጣት ፈልጎ ነበር። ወንድሙ ስላስገባው፣ ልለቅ ነው ማለት አፈረ። ምሳ ሳያልፍ በአጥሩ ቀዳዳ እመለሳለሁ አለኝ፤ ሰቀልኩለት። ከዚያ ሥራው ቆመ ተባለ። ሁሉም መለያውን እያነሳ ሄደ። እኔ የሱንም ማንሳት ነበረብኝ። ግን ያኔ ከባለሙያው ጋር ተሰዳድቤ ደሜ ፈልቶ ነበር። ጥዬው ሄድኩ። ረሳሁት፣ እህቴ። ረሳሁት በቃ።»

«ባለሙያውስ?» አለች መርማሪዋ።

«ከምሳ በኋላ እዚያ ሲያልፍ አንድ መለያ ብቻ ተሰቅሎ አይቷል። አንብቦታል። ጉድጓዱ ክፍት ነው፤ መለያው የወንድሙ ነው። ምን ያድርግ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ይሄን ለምን እስካሁን አልተናገርክም?»

«ሬሳው ሲወጣ መንጠቆው ባዶ ነበር። ማን እንዳነሳው ገባኝ። አንዱን ወንድም መለያ ሰቅዬ ገደልኩ፣ ሌላውን ተናግሬ ልግደል? እናታቸው አለች። እሷ ሁለቱንም በአንድ ቀን ትጣ?»

«አንተስ? ልጆችህስ?»

ፓምፐኛው መለያውን በጣቱ ወደ እሷ ገፋው።

*

ወጣቱን ወደ ጉድጓዱ ያመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። አለቃዋ እስከ ምሳ እንዲታገሳት በግድ ተስማምቷል። ፋብሪካው ቆሟል፤ ግቢው ውስጥ ከሳጅኑ እርምጃ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። መርማሪዋ ጥቁሩን መለያ ከመሀረቡ አውጥታ መንጠቆው ላይ ሰቀለችው።

ወጣቱ አየው። የተዘጋው ክዳን ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ምን ላይ እንደተቀመጠ ሲያስተውል እሳት እንደነካው ብድግ አለ።

«ፈተናውን አለፍክ?» አለችው።

«አልፌ ነበር» አለ። ከዚያ ሳትጠይቀው ይናገር ጀመር። «በቀዳዳው ገባሁ። መለያዬን ላነሳ ስመጣ ሄልሜቱን አየሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ጋሼ። በጀርባው ነው የተኛው። ፊቱ ወደ ላይ ነበር። ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ቀና ስል መለያዬ ፊቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ ለምን እንደወረደ ገባኝ።»

«ከዚያስ?»

«አልወረድኩም። አትውረድ ብሎኛል። የናትህ ልጅ ቢሆን እንኳን ብሎኛል። እየማልኩ ነው፣ ልወርድ እግሬን አስገብቼ ነበር። ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ እግሬን መለስኩ።»

«ክዳኑን የዘጋኸው አንተ ነህ?»

«ሌላ ሰው እንዳይወርድ። ዘበኛው፣ ጓደኞቼ፣ ቢያዩት ይወርዱ ነበር። ብረቱን ፓምፕ ቤት በር ላይ አገኘሁት። ዘግቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እውነቴን ነው፣ ሰው እንዳይወርድ ነው።»

መርማሪዋ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደወል አየች። ከቆሙበት ጥቂት እርምጃ ነው፤ ቀይ ተቀብቷል፤ ገመዱ ልጅ እንኳን በሚደርስበት ከፍታ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ወንድምህ ያስተማረህ ሁለት ነገር ነው» አለች። «አትውረድ፤ ደውል። አንተ ግማሹን ነው የያዝከው።»

ወጣቱ ዞሮ ደወሉን አየ።

«ብትደውል የአየር ጭምብል ያላቸው ይመጡ ነበር። ሌላ ሰው ሳይወርድ ወንድምህ ይወጣ ነበር። አልደወልክም፣ ምክንያቱም ከደወልክ መለያው የማን እንደሆነ ይጠየቃል። መለያውን አነሳህ፣ ክዳኑን ዘጋህ፣ መለያውን ሰሌዳው ላይ መልሰህ መጋዘን ገባህ። ሲፈልጉትም አብረህ ፈለግክ።»

«ይተርፍ ነበር?» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆኗል። «እንዲያው ብደውል ኖሮ? ሐኪሙ ምን አለ? አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ።»

ሳጅኑ ፊቱን አዞረ። መርማሪዋ ብዙ ሰው አጽናንታ፣ ብዙ ሰውም ዋሽታ ታውቃለች። ለዚህ ልጅ አንዱንም አላገኘችለትም።

«አይታወቅም» አለችው። «መቼም አይታወቅም።»

ቀስ ብሎ ቆመ። ካቴናውን ለመቀበል እጁን ራሱ ዘረጋ።

«ጓደኛህ ያልሠራውን ግድያ ተሸክሞ ታስሯል» አለችው ስታስርለት። «ይሄን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። እትዬ ፊት ውኃ ስይዝ ግን አፌ ይታሰራል።» ቀና ብሎ አያት። «ለሷ ማን ይነግራታል?»

«አንተ።»

*

መርማሪዋ የሟቹ ቤት ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ጠበቀች። ሳጅኑ ልጁን ከጓዳው በር ድረስ አድርሶ፣ ካቴናውን ፈትቶለት ደጅ ቆመ። ከውስጥ የሚሰማ ጩኸት አልነበረም። ለቀስተኛውም ምን እንደተነገረ አላወቀም። ቆይቶ ልጁ ወጣ፤ የወንድሙን ጃኬት አውልቆታል፣ በሸሚዝ ብቻ ነው። ከኋላው ሴትየዋ ጃኬቱን ክንዷ ላይ ጥላ ተከትላ መጣች። አላየችውም። የመኪናውን መስኮት አንኳኳች።

«ፓምፐኛው አሁንም እስር ቤት ነው?»

«ዛሬ ይወጣል።»

«እኔ ነኝ እንዳትለቁት ያልኩሽ» አለች። «ሲወጣ ማየት አለብኝ። እኔንም ውሰጂኝ።»

ጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ ከጠባብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የፓምፐኛው የግድያ ክስ ቀረ፤ ስለ ጥላው ግን ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል፤ ሲጠሩት እንዲቀርብ ታዟል። ፓምፐኛው ቀበቶውንና የጫማ ማሠሪያውን በእጁ ይዞ ወጣ። ሴትየዋን ሲያይ ባለበት ደረቀ። መርማሪዋ በመካከላቸው ልትቆም አስባ ተወችው።

«የሰቀልከው አንተ ነህ?» አለች ሴትየዋ።

«እኔ ነኝ።»

«የዚያን ቀን ጠዋት ስትሰዳደቡ ነበር አሉኝ። አንተ ያልከውን ሰው ሁሉ ነግሮኛል። እሱ የመለሰልህን ግን የነገረኝ የለም።» ከወንበሩ ተነሳች። «ምን አለህ?»

ፓምፐኛው ቀበቶውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«‹ስደበኝ፣ ግድ የለም› አለኝ። ‹ብቻ ከጉድጓዱ ራቅ። ልጆች አሉህ› አለኝ።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የባሏን ድምፅ እንዳወቀችው ሁሉ። ከዚያ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ፓምፐኛው የጫማውን ማሠሪያ ሳያስገባ፣ ከፊቷ እንደቆመ፣ እንዲሄድ የሚነግረውን ሰው ጠበቀ። ማንም አልነገረውም።